ግሪም ፋንዳንጎን ስልክ ላይ እንደገና ለመጫወት፦ ከዳውንሎድ እስከ መጨረሻው ባቡር

የሙታን ዓለም ውስጥ የሚኖረው አፅም፣ ማኒ ካላቬራ፣ ሲራመድ ጭንቅላቱን እዩት። የሚነሳ ወይም የሚነካ ነገር አጠገብ ሲደርስ ፊቱን ወደዚያ ዞር ያደርጋል። እሱ ዋና ገጸ ባሕርይ የሆነበት የእንቆቅልሽ ጨዋታ፣ ግሪም ፋንዳንጎ፣ በ1998 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣ ስክሪኑ ላይ ቀስት የለም፣ የሚያበራ ምልክት የለም፣ የዕቃ ዝርዝርም የለም። ተጫዋቹን የሚመራው ይሄ የአንገት መዞር ነበር። ትልቅ ሞኒተር ፊት ለፊት ለተቀመጠ ሰው ይበቃዋል። ስልክ ላይ ግን የማኒ ጭንቅላት ከክብሪት ራስ ብዙም አይበልጥም።

ችግሩ ሁሉ እዚህ ጋ ነው። ጨዋታው የተሠራው ወንበር ስቦ፣ በሩን ዘግቶ፣ ሦስት አራት ሰዓት ለሚቀመጥ ሰው ነው። ስልክ ደግሞ ደቂቃ ሳይሞላ የሚጠራ፣ የሚንጫጫ፣ ባትሪ አለቀብኝ የሚል ዕቃ ነው። ሁለቱን ማስታረቅ ይቻላል፤ ትንሽ ዝግጅት ግን ይፈልጋል።

አንድ ማሳሰቢያ ላስቀድም። ይሄን የምጽፈው ጨዋታውን ድሮ አንዴ ለጨረሰ ሰው ነው። ስለዚህ አንዳንድ እንቆቅልሾችን ከነመልሳቸው እጠቅሳለሁ። ገና ጀማሪ ከሆናችሁ ስለ ዝግጅቱና ስለ ሴቭ የተጻፈውን ብቻ አንብቡና ሌላውን ዝለሉት።

መጀመሪያ፣ የምትገዙትን እወቁ

ዋናው ጨዋታ የሉካስአርትስ ነው፤ የመራው ቲም ሼፈር ነው። ዲዝኒ በ2012 ሉካስፊልምን ገዛ፣ በ2013 ደግሞ ሉካስአርትስ በጨዋታ ሠሪነቱ ተዘጋ። ጨዋታውን እንደገና ያነሳው የሼፈር የራሱ ስቱዲዮ ደብል ፋይን ነው። ሪማስተሩ፣ ማለትም የታደሰው ስሪት፣ በጥር 2015 ለኮምፒውተርና ለፕሌይስቴሽን ወጣ፤ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ስልክና ታብሌት ላይ ደረሰ። ለአይፎንም ለአንድሮይድም ማለት ነው።

ታዲያ ምን ተቀየረ? የሰዎቹ፣ ማለቴ የአፅሞቹ፣ ገጽታ በጥራት ተሠርቷል። ብርሃንና ጥላው እውነተኛ ሆኗል። ሙዚቃው በሜልቦርን ሲምፎኒ ኦርኬስትራ እንደ አዲስ ተቀርጿል። ጣት ወይም ማውስ በመጠቀም መጫወት ተችሏል። ያልተቀየረው ደግሞ የኋላ ምስሉ ነው። ክፍሎቹ፣ መንገዶቹ፣ ወደቡ፣ ሁሉም የ1998ቱ ሥዕሎች ናቸው፤ ያኔ የተሠሩት ደግሞ 640 በ480 ለሆነ ስክሪን ነው።

ይሄ ለእኛ ጥሩ ዜና ነው። ትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ስትጫወቱት ጥርት ያለ ማኒ ደብዘዝ ያለ ግድግዳ ፊት ቆሞ ታዩታላችሁ። ሁለት ፊልም የተደባለቀ ነው የሚመስለው። ትንሽ ስክሪን ላይ ግን ያ ልዩነት ይጠባል። ብዙ ጊዜ ለጌም ትልቅ ስክሪን ይሻላል እላለሁ፤ ለዚህኛው አልልም። ምርጫ ካላችሁ ትንሽ ታብሌት ውሰዱ፤ ምስሉም አይለጠጥም፣ ጣትም ቦታ ያገኛል። ስልክ ብቻ ካላችሁም አትከፉ።

የድሮዎቹን ሁለት ሲዲዎች እስካሁን ያስቀመጣችሁ ካላችሁ ሌላ መንገድ አለ። ስካምቪኤም የሚባለው ነፃ ፕሮግራም በ2021 ከወጣው 2.5.0 ስሪት ጀምሮ ግሪም ፋንዳንጎን ይከፍታል። ግን የምትጫወቱት ኦሪጅናሉን ነው፤ ቁጥጥሩም ለኪቦርድ የታሰበ ነው። ስልክ ላይ ለመዝናናት ከሆነ ራሳችሁን አታሰቃዩ፣ ሪማስተሩን ግዙ።

ከመግዛታችሁ በፊት የጌሙን ገጽ ወደ ታች አውርዱና መጨረሻ የተሻሻለበትን ቀን እዩ። ከዚያ አዳዲስ አስተያየቶችን አንብቡ፤ በተለይ ከእናንተ ጋር አንድ ዓይነት ስልክ ያላቸው ሰዎች የጻፉትን። ዋጋ የከፈላችሁበት የድሮ ጌም አዲስ ሲስተም ላይ እምቢ ሊል ይችላል። በ2017 አፕል አይኦኤስ 11ን ሲያወጣ ባለ 32 ቢት የሚባሉት የድሮ አሠራር አፖች መከፈት አቆሙ፤ ያልታደሱ ብዙ አድቬንቸር ጌሞች ያኔ ነው ከሰው ስልክ ላይ የጠፉት። ጎግል ፕሌይ ላይ ከገዛችሁ ደግሞ በ48 ሰዓት ውስጥ ገንዘቤ ይመለስ ብሎ መጠየቅ ስለሚቻል፣ ገዝታችሁ አታስቀምጡት። ያኑ ቀን ክፈቱና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ፈትኑት።

ስልኩን አዘጋጁ

ጌሙ ከባድ ነው። ስቶሩ ላይ የተጻፈውን መጠን እዩና የዚያን እጥፍ ያህል ባዶ ቦታ ይኑራችሁ፤ ሲጫን ለመፍታት ተጨማሪ ቦታ ይበላል። ዳውንሎዱ ካለቀ በኋላ ዋይፋዩ ሳይጠፋ አንዴ ክፈቱት። አንዳንድ ከባድ ጌም ቀሪውን ፋይል የሚያወርደው መጀመሪያ ሲከፈት ነው፤ ይሄን መንገድ ላይ ሆኖ ማወቅ ያናድዳል።

ከዚያ ብሩህነቱን በእጃችሁ አስተካክሉ። የዚህ ጨዋታ ግማሹ ሌሊት ነው፤ ጭስ፣ ጥላ፣ የመብራት ፍንጣቂ። ስልኩ በራሱ ብርሃኑን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ከሆነ ጨለማው ውስጥ ያለውን በር አታዩትም። አውቶውን አጥፉ፣ ብርሃኑን ከወትሮው ትንሽ ጨምሩ። ባትሪ ቆጣቢውንም አጥፉት። አይረብሹኝ የሚለውን አብሩ። እና እባካችሁ ኢርፎን አድርጉ። የፒተር ማኮኔል ሙዚቃ በስልክ ስፒከር ሲሰማ ያሳዝናል፤ ጃዙ ጣሳ ውስጥ የተጫወተ ይመስላል። የብሉቱዝ መዘግየት እዚህ ጋ ችግር የለውም፤ ተኩስ አይደለም።

ሴቲንጉ ውስጥ

መጀመሪያ የስክሪኑን ቅርጽ። ጨዋታው ሲሠራ 4 በ3 ነበር። ሰፊውን ስክሪን ልሙላው የሚል ምርጫ ታያላችሁ፤ አትንኩት። ምስሉ በጎን ይለጠጣል፣ ቀጭኑ ማኒ ጠብደል ይሆናል። ግራና ቀኝ ጥቁር ቢቀር ምን ቸገራችሁ? እንዲያውም አውራ ጣታችሁ የሚያርፍበት ቦታ ይሆናል።

ሰብታይትሉን አብሩ። ንግግሩ ፈጣን ነው፣ ቀልዱ በቃላት ነው፣ መሃል መሃል ላይ ስፓኒሽ ጣል ይደረጋል። ድሮ ሳይገባችሁ ያለፋችሁትን ብዙ ነገር አሁን ታገኛላችሁ። እኔ በበኩሌ የምስጢሩ ዓመፅ መሪ ሳልቫዶር ሊሞኔስ ሲናገር ምን ያህል አስቂኝ እንደሆነ የገባኝ ከዓመታት በኋላ፣ ስልክ ላይ ነው።

የድሮውንና የአዲሱን ምስል መቀያየሪያም አለ። ለመጫወት አዲሱን ተዉት። ግን አንድ ጊዜ የማኒ ቢሮ ውስጥ ቆማችሁ ወዲያና ወዲህ ቀያይሩት። ድሮው ላይ ፊቱ ባለ ማዕዘን ወረቀት ነው። ያኔ እንዴት አምሮን እንደነበር ግራ ይገባችኋል።

ኮመንተሪውን፣ ማለትም የሠሪዎቹን ማብራሪያ፣ አሁን አታብሩ። ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ጣትና ቁጥጥር

ኦሪጅናሉን በኪቦርድ የተጫወተ ሰው ያንን ስቃይ አይረሳም። ወደ ላይ የሚያሳየውን ቀስት ስትጫኑ ማኒ የሚሄደው ፊቱ ወደዞረበት ነው፤ እንደ ታንክ። ካሜራው ሲቀየር እሱም ግድግዳ ይገፋል። በማውስ የሚጫወቱበትን መንገድ መጀመሪያ የሠራው ኩባንያ አልነበረም። አንድ አድናቂ ለራሱ ሠርቶ በነፃ ለቀቀው፤ ደብል ፋይን ሪማስተሩን ሲሠራ የዚያን ሰው ሥራ ተጠቀመበት። ዛሬ በጣት የምንጫወተው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። መሬቱን ስትነኩ ማኒ ይሄዳል። ዕቃ ወይም ሰው ስትነኩ ምን ማድረግ እንደሚቻል የሚያሳዩ ትናንሽ ምልክቶች ይመጣሉ። አስቸጋሪው ጣታችሁ የምትነኩትን ነገር መሸፈኑ ነው። ሁለት ዘዴ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ስልኩን በሁለት እጅ ይዛችሁ በአውራ ጣት አትጫወቱ። ጠረጴዛ ላይ አጋድሙትና በሌባ ጣት ንኩት። ለስክሪን የሚሆን እስክሪብቶ ካላችሁ ደግሞ በጣም ይሻላል። ሁለተኛ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ስትገቡ ወዲያው ዕቃ ለመንካት አትሩጡ። ማኒን በክፍሉ ዙሪያ ቀስ ብላችሁ አስኪዱትና ጭንቅላቱን ተከተሉ። ያ የድሮ ምልክት አሁንም ይሠራል። ጣት የሚስተውን አንገቱ ይነግራችኋል።

ሴቭ፣ ሴቭ፣ ሴቭ

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይሄን ያዙ። ጌሙ በራሱ ያስቀምጥልኛል ብላችሁ አትተማመኑ። ይሄ ጨዋታ የመጣው ሴቭ ማድረግ የተጫዋቹ ሥራ ከነበረበት ዘመን ነው።

እኔ የተማርኩት በዋጋ ነው። የጨዋታው 2ኛ ክፍል የሚካሄድባት ከተማ፣ ሩባካቫ፣ ላይ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ተጫወትኩ። በየቦታው ሄድኩ፣ ሁሉንም አናገርኩ፣ ሦስት እንቆቅልሽ ፈታሁ። ስልክ ተደወለ፤ አነሳሁ። ካወራሁ በኋላ አንድ ፎቶ ልላክ ብዬ ካሜራ ከፈትኩ። ስመለስ ጌሙ ከመጀመሪያው ሎጎ ጀመረ። ስልኩ ለካሜራው ቦታ ሲፈልግ ከኋላ ያለውን ዘግቶታል። የመጨረሻው ሴቬ የጠዋት ነበር። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የኔ ነው፤ ቢሆንም ለሦስት ቀን ጌሙን ዞር ብዬ አላየሁትም።

ከዚያ ወዲህ ሕጌ ይሄ ነው። አዲስ ቦታ ስገባ ሴቭ። አንድ ነገር ሲሳካልኝ ሴቭ። ስልኩን ከእጄ ከማውረዴ በፊት፣ ለአንዲት ደቂቃም ቢሆን፣ ሴቭ። ስልክ ሲጮህም መጀመሪያ ሴቭ፣ ከዚያ ሃሎ። ደዋዩ ይጠብቃል።

አንዱን ቦታ ደጋግማችሁ አትጻፉበት። አራት አምስት ቦታ እያፈራረቃችሁ ተጠቀሙ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው አለ። አፑን ካጠፋችሁት ደግሞ ሴቩ አብሮ ይሄዳል ብላችሁ ቁጠሩ። ስቶሬጅ ሞላ ሲላችሁ ሌላ ነገር አጥፉ።

ጥሩው ነገር ሴቭ የሚያስፈልገው ከሞት ለመዳን አይደለም። በዚህ ጨዋታ ማኒ አይሞትም፤ ድሮውንም ሞቷል። የምታጡት ጊዜያችሁን ብቻ ነው።

አጨዋወቱን በዓመት ከፋፍሉት

ታሪኩ አራት ዓመት ነው፤ እያንዳንዱ ክፍል የሚውለው በሙታን ቀን፣ በኅዳር 2 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የአራት ዓመቱ የነፍስ ጉዞ የተወሰደው ከአዝቴኮች እምነት ነው። ለስልክ ተጫዋች ይሄ አከፋፈል ምቹ ነው። ግን እኩል አይደሉም። 1ኛው ዓመት ጠባብ ነው፤ በአጭር በአጭር ጊዜ፣ ሃያ ሃያ ደቂቃ እየቆረሳችሁ መሄድ ትችላላችሁ። 2ኛው ዓመት፣ ሩባካቫ፣ ሰፊ ነው። ብዙ ቦታ፣ ብዙ ሰው፣ በአንድ ጊዜ የተከፈቱ ብዙ እንቆቅልሾች። እሱን በአጭር በአጭር ጊዜ ከጀመራችሁት ትጠፋላችሁ። ቢያንስ አንድ ሰዓት ያላችሁ ቀን ጀምሩት።

ለሩባካቫ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። ስልኩ ላይ ማስታወሻ ለመጻፍ ከጌሙ መውጣት አለባችሁ፤ ከጌሙ መውጣት ደግሞ ምን እንደሚያመጣ ነግሬያችኋለሁ። የምጽፈው ቀላል ነው፦ ማን ምን ይፈልጋል፣ የትኛው በር ተቆልፏል፣ ኪሴ ውስጥ ምን አለ። ማኒ ዕቃውን ከኮቱ ውስጥ አንድ በአንድ ነው የሚያወጣው፤ ሁሉንም በአንዴ አታዩም። ስለዚህ ዝርዝሩ ወረቀት ላይ ቢኖር ብዙ ጊዜ ያተርፋል።

ድጋሚ የሚጫወት ሰው ትልቁ ጠላት ትዝታው ነው። አስታውሳለሁ ብሎ ይጀምራል። ግን የሚያስታውሰው ግማሹን ነው። የ1ኛውን ዓመት እርግቦች ውሰዱ። ጣሪያው ላይ ጎጆ አለ፣ እንቁላል አለ፣ እርግቦቹ ግን አያስጠጉም። እኔ ዳቦ እንደሚያስፈልግ አስታወስኩ። ከበዓሉ ቦታ ዳቦ አምጥቼ ሳህኑ ላይ ፈረፈርኩ፤ በሉት፣ አመሰገኑኝ፣ አልሄዱም። እንደገና አመጣሁ። እንደገና በሉት። የረሳሁት ፊኛውን ነበር። በዓሉ ላይ ያለው ቀልደኛ የሚሠራውን ፊኛ መጀመሪያ ሳህኑ ውስጥ ታስቀምጣላችሁ፣ ዳቦውን ከላዩ ትፈረፍራላችሁ። ሊለቅሙ ሲመጡ ፊኛው ይፈነዳል፣ እነሱም ይበራሉ። የድሮ አድቬንቸር ጌም አስተሳሰብ ይሄ ነው፤ መልሱ አንድ ዕቃ ሳይሆን የሁለት ዕቃ ቅደም ተከተል ነው። ግማሽ ትዝታ ካላችሁ ያንን እንደ ፍንጭ ያዙና ሌላውን ግማሽ ፈልጉ።

ሁለት ቦታ ላይ ደግሞ ስልኩ ራሱ ያስቸግራችኋል። አንዱ ድንጋይ የሆነው ጫካ ውስጥ ያለው የአቅጣጫ ምልክት ነው። ምልክቱን ነቅላችሁ ሌላ ቦታ ስትተክሉት ዞሮ መንገድ ያሳያል። ትንሽ ስክሪን ላይ ወዴት እንደዞረ ለማየት ይከብዳል፤ ስልኩን ወደ ዓይናችሁ አስጠጉ፣ ከዚያ ወደ ጠቆመበት ሄዳችሁ እንደገና ትከሉት። ሌላው በ2ኛው ዓመት የሚመጣው የፎርክሊፍቱ (ከፊቱ ባለው ሹካ ዕቃ የሚያነሳው መኪና) እንቆቅልሽ ነው። ፎርክሊፍቱን አሳንሰር ውስጥ አስገብታችሁ፣ አሳንሰሩ እየተንቀሳቀሰ ሳለ በትክክለኛው ሰዓት ሹካውን ተጠቅማችሁ በሁለት ፎቅ መሃል ታስቆሙታላችሁ። በኪቦርድም አንገት የሚያስደፋ ነበር። ከመጀመራችሁ በፊት ሴቭ አድርጉ፣ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ፣ በሌባ ጣት ሞክሩ። አምስት ጊዜ ቢከሽፍ ተፈጥሯዊ ነው።

ስትጣበቁ

መጣበቃችሁ አይቀርም። ወዲያው መልሱን ለመፈለግ አትሩጡ፤ ብሮውዘር ስትከፍቱ ጌሙ ሊዘጋባችሁ ይችላል፣ መልሱን አንዴ ካያችሁት ደግሞ ቀጣዩንም ማየት ያምራችኋል። መጀመሪያ ሰዎቹን እንደገና አናግሩ። አንድ ነገር ከፈታችሁ በኋላ አዲስ ንግግር የሚከፈትላቸው አሉ። ግሎቲስን አትርሱት፤ ያ ትልቅ ብርቱካናማ ፍጡር ቀልዱ መሃል ላይ ቁም ነገር ጣል ያደርጋል። ቀጥሎ ኮቱ ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ መርምሩ፤ ማኒ ስለ ዕቃው የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ፍንጭ ነው። ያም ካልሆነ ሴቭ አድርጋችሁ ዝጉትና እደሩበት። እንቆቅልሽ ሻወር ውስጥ ይፈታል።

በሚቀጥለውም ቀን እምቢ ካለ፣ ሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ላይ አንድ መስመር ብቻ አንብቡ። አንድ መስመር አልኩ።

ስልኩ ሲያምጽ

ከጥሪ በኋላ ድምፅ ከጠፋ ሴቭ አድርጋችሁ አፑን ሙሉ በሙሉ ዝጉና ክፈቱ። ስልኩ ከጋለ ሽፋኑን አውልቁ፣ ቻርጅ እያደረጋችሁ አትጫወቱ። ቦታ ሲቀየር ደጋግሞ የሚዘጋ ከሆነ ስልኩን አጥፍታችሁ አብሩና ሌላ ምንም ሳትከፍቱ ጌሙን ብቻ ክፈቱ። አብዛኛው ጊዜ ጉዳዩ የሜሞሪ ነው።

ሁለተኛ ዙር፣ ከኮመንተሪ ጋር

ባቡሩ ከሄደ በኋላ፣ ማለትም ጨርሳችሁ፣ ወደ ሴቲንጉ ተመለሱና የሠሪዎቹን ኮመንተሪ አብሩ። ሁለት ሰዓት ያልፋል። በየክፍሉ ስትገቡ የሠሩት ሰዎች ራሳቸው ያወራሉ፤ ያ በር ለምን እዚያ ሆነ፣ ያ ትዕይንት እንዴት መጣ፣ ምን ተቆረጠ። በመጀመሪያው ዙር አታብሩት ያልኩት ታሪኩን ስለሚያቋርጥ ነው። በሁለተኛው ግን መልሱን ሁሉ ስለምታውቁ በየቦታው ዝም ብሎ መቆም ይቻላል። ለስልክ ደግሞ ከሁሉም የሚመቸው ይሄኛው ዙር ነው። አንድ ክፍል፣ አንድ ወሬ፣ ሴቭ፣ ኪስ ውስጥ።

አንድ ሴቭ ግን ለብቻው አስቀምጡ። የ2ኛውን ዓመት መጀመሪያ፤ ማኒ ነጩን ኮት ለብሶ የራሱ ካፌ ውስጥ የቆመበትን። አንዳንድ ማታ እሱን እከፍተዋለሁ። ምንም አልፈታም፣ ማንንም አላናግርም። ማኒን ወጣ አደርገውና ሙዚቃውን ትንሽ አዳምጣለሁ። ከዚያ ሴቭ ሳላደርግ እዘጋዋለሁ።